የአስቻለች ቀኖና

መካነ ሰላም ውስጥ ሰው የሞተበት ቤት አስቀድሞ የሚጠራው ቄስ ነው፤ ቀጥሎ አስቻለች ናት። አልቃሽ ሆና አይደለም፤ ግጥም ማውረድ ብዙም አይሆንላትም። የምትጠራው ኀዘንተኛ አጠገብ ተቀምጣ "ቻይው" የማትል ሴት በሰፈሩ ውስጥ እሷ ብቻ ስለሆነች ነው። "በርቺ እንጂ" አትልም፤ "እሱ እኮ ዐረፈ" አትልም። ዝም ብላ ትቀመጣለች። ከነጠላዋ ጫፍ የቋጠረችውን የጌሾ ቅጠል ፈታ አፏ ውስጥ ትጨምርና ቀስ እያለች ታኝካለች። የማያውቃት ሰው "ምነው እቴ፣ ጫት ትቅማለች እንዴ?" ብሎ ይገረማል። የሚያውቋት ይስቃሉ። ነገሩ ከየት እንደመጣ ስለሚያውቁ ነው።

አስቻለች ድሮ እንዲህ አልነበረችም። ኧረ በጭራሽ!

ስሙን ያወጡላት አያቷ ናቸው። ከሷ በፊት የተወለዱት ልጆች እየሞቱ እናቷ ስታለቅስ ከርማ፣ እሷ ስትወለድ እንባዋ ስለደረቀ "ይቺስ አስቻለች" አሉ። እናም ልጅቱ ከጡት ጀምሮ ሰው ማስቻል ሥራዋ መሰላት። አድጋ የጌሾ ነጋዴ ሆነች። ጌሾ ከቆላ ይመጣላታል፤ ቅጠሉን ከእንጨቱ ለይታ፣ አድርቃ፣ በገበያ ቀን ማዳበሪያ ላይ ዘርግታ ትቀመጣለች። ባሏ ጋሹ ይባል ነበር። ገበያተኛው "ጌሾና ጋሹ" እያለ ይቀልድባቸዋል። ጋሹም ሳቂታ ነበርና "መራራዋ እሷ ናት፤ እኔ ስሜ ነው የተመሳሰለው" ይላል።

የባድመ ጦርነት ሲመጣ ጋሹ ዘመተ። አልተመለሰም።

መርዶው የደረሰው ጦርነቱ ካለቀ በኋላ ነው። በዚያ ሰሞን በየመንደሩ ማለዳ ማለዳ ለቅሶ ይሰማ ነበር፤ የየትኛው ቤት ተራ እንደሆነ ሰው ጆሮውን ጥሎ ነበር የሚነጋለት። አንድ ቀን ሽማግሌዎች ተሰብስበው አስቻለች ግቢ ገቡ። ልጇ የትምወርቅ ትንሽ ነበረች፤ የእናቷን ቀሚስ ይዛ ቆማለች። ነገሯት። ሴቶቹ ለመጮህ አፋቸውን ከፈቱ። አስቻለች ግን እጇን አነሣች።

"ተዉ! ልጄን ታስደነግጡብኛላችሁ። የሰጠ እሱ፣ የወሰደ እሱ። ተመስገን ነው።"

አስከሬን የሌለው ሰው በልብሱ ይለቀስለታል። ልብሱ ደጅ ይዘረጋና ሰው ይከበዋል፤ ያም እንደ ቀብር ይቆጠራል። ስለዚህ የጎረቤቷ ሐረግ ቀረብ ብላ "ጋቢውን አውጪና እናልቅስለት" አለቻት።

"አላወጣም" አለች አስቻለች። "በልብስ ማልቀስ እምነት የሌለው ሰው ሥራ ነው።"

ሰው ተገረመ። ሐረግም ከዚያ ቀን በኋላ በየሄደችበት "እምነት ማለት የአስቻለች ነው! አንዲት ጠብታ እንባ አልወጣትም! አንዲት!" እያለች አወራች። "ተመስገኗ" የሚል ስምም ወጣላት። እውነቱን ለመናገር ስሙ ደስ ብሏት ነበር። የጋሹን ጋቢ አጣጥፋ ሣጥን ውስጥ ከታ፣ ሣጥኑን ከጓዳ ወስዳ ጌሾ የምታከማችበት ክፍል ውስጥ፣ ከጆንያው ሥር ሸጎጠችው። የትምወርቅ ግን የእናቷን ፊት ስታይ ነበር። ልጅ ሲያይ እኮ አይረሳም።

የትምወርቅ አድጋ፣ ጓደኞቿ ሁሉ ዐረብ አገር ሲሄዱ እሷም ተነሣች። ደላላው "በዚህ ስም ቪዛ አይወጣም" ብሎ በፓስፖርቷ ላይ ራሕማ አሰኛት፤ ዕድሜም ጨመረላት። ያን ጊዜ እንዲህ ያልሆነች ተጓዥ ልጅ ማግኘት ነበር የሚያስቸግረው። አስቻለች የልጇ ስም ሲቀየር ከፋት፤ አፏ ግን ያንኑ የለመደውን ቃል ተናገረ።

ከሄደች በኋላ አንድ ቀን ከሳውዲ ስልክ መጣ። የትምወርቅ እያለቀሰች ነበር።

"እማ፣ እነዚህ ሰዎች... እማ፣ እኔ እኮ..."

"ቻይው የኔ ወርቅ! ቻይው። ተመስገን በይ። ያልፋል።"

ስልኩ ተዘጋ። ከዚያ በኋላ የትምወርቅ ስትደውል አልቅሳ አታውቅም። "ደህና ነኝ፣ ተመስገን" ትላለች፤ ትዘጋለች። አስቻለችም ገበያ ላይ "ልጄ እኔን ወጣች፤ ጠንካራ ናት" ብላ ታወራላት ነበር።

ሳውዲ የኛን ልጆች ሰብስባ በአውሮፕላን በመለሰችበት ዓመት የትምወርቅ ከደሴ በሚመጣው አውቶቡስ መጣች። አስቻለች መናኸሪያው ውስጥ እልል አለች። ልጇን አገላብጣ ሳመቻት። የትምወርቅ ተሳመች እንጂ አልሳመችም። ክንዷ ላይ የካውያ ጠባሳ ነበረ። አንገቷ ላይ ማተብ የለም።

ቤት ገብታ ዝም አለች። ትታዘዛለች፤ ጌሾ ትለቅማለች፤ ግቢ ትጠርጋለች። "የትምወርቅ!" ሲሏት ግን ሌላ ሴት የጠሩ ይመስል ዞር አትልም። አስቻለች ጠዋት "በሕይወት መጣሽ እኮ፣ ተመስገን በይ እንጂ!" ትላታለች፤ ማታም ያንኑ። ልጅቱ ትሰማና ወደ ሥራዋ ትመለሳለች።

ከአጥሩ ማዶ ፈርሂያ ትኖራለች። ከአስቻለች ጋር የልጅነት ባልንጀሮች ናቸው፤ የጨው ዕቃቸው እንኳ የማን እንደሆነ ጠፍቷቸዋል። ፈርሂያ ራሕማ የምትባል የራሷ ልጅ አለቻት። ሁዳዴ በገባ ሰሞን አንድ ቀን ፈርሂያ ከደጇ ሆና ልጇን ተጣራች።

"ራሕማ! አንቺ ራሕማ!"

የትምወርቅ ጌሾ የያዘችውን ሰፌድ ለቃ ተፈናጥራ ተነሣች። "ሓድር ማማ! ሓድር!" እያለች፣ ሳውዲ ለእመቤቷ አቤት እንደምትለው፣ ወደ አጥሩ ሮጠች። ስትደርስ የምትጠራት እመቤት የለችም፤ ፈርሂያ ናት፣ አፏን ይዛ የቆመች።

"ያረቢ!" አለች ፈርሂያ። "የኔ ልጅ፣ አንቺን አይደለም። አብሽሪ፣ አብሽሪ።"

አስቻለች የተበተነውን ጌሾ ለመሰብሰብ ጎንበስ አለችና ከአፏ ያው ወጣ። "ቻይው እንጂ ልጄ። ያለፈውን..."

"ቻልኩት!" አለች የትምወርቅ። ድምፅዋ የሻከረ ነበር። "አልቅሼ ስደውልልሽ ቻይው አልሽኝ። እኔም ቻልኩት። ሲያቃጥሉኝ ቻልኩት። አባቴ ሲሞት አንቺ አላለቀስሽም፤ ለሱ ያላለቀሰች ለኔ ታለቅሳለች ብዬ ልጠብቅ? እዚህም ዝም፣ እዚያም ዝም። ከፋሲካ በኋላ እመለሳለሁ። በባሕር የሚያሻግር ሰው አግኝቻለሁ።"

ብላ ገባች።

ፈርሂያ ከአጥሩ ማዶ ቆማ ባልንጀራዋን አየቻት። "አስቻሉ" አለቻት ቀስ ብላ፣ "ወላሂ፣ ያቺ ልጅ ሁለተኛ ከሄደች አታገኛትም።"

አስቻለች በማግስቱ የንስሐ አባቷ መምሬ አባተ ዘንድ ሄደች። መምሬ ሽማግሌ ናቸው፤ ለክርስትና ተጠርተው ከሄዱበት ከከላላ በበቅሎ ገና መግባታቸው ነበር። በቅሎዋን እያራገፉ ሰሟት።

"አባ፣ ልጄ ትጽና ብለው ይጸልዩልኝ። ጠበል ልውሰዳት? ልቧ ደነደነ።"

"የሷ ልብ?"

"አዎ።"

"ያንቺስ?"

"እኔማ ተመስገን ነኝ።"

መምሬ ኮርቻውን አስቀመጡና ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉ። "ስንት ዘመን ሙሉ ንስሐ ስትገቢ ሰማሁሽ። ጎረቤት አማሁ ብለሻል። ጌሾውን ውኃ ረጭቼ አከበድኩት ብለሻል፤ ያንን ደግሞ ደጋግመሽ።"

"ኧረ አባ፣ እሱን እንኳ ትቻለሁ!"

"ይሁን። ጋሹ ሞተብኝ፣ ልቤ ነደደ፣ እግዚአብሔርን ተቀየምኩት ብለሽ ግን አንድ ቀን አልነገርሽኝም።"

አስቻለች ደነገጠች። "ይሄ ኃጢአት አይደለም እንዴ? እሱን እንዴት በአፌ እናገረዋለሁ?"

"ታዲያ ንስሐ የሚገባው በምን ኖሯል?" አሉ መምሬ። ቀጥለውም ጠየቋት። "ጌሾ ያልገባበት ጠላ ምን ይሆናል?"

"ይኮመጥጣላ። ምን ይሆናል ብለው ነው።"

"መራራውን አውጥተሽ ጣይና ጣፋጩን ብቻ አምጪልኝ ብሎ ማን አዘዘሽ? ጌታ እኮ አልዓዛርን እንደሚያስነሣው እያወቀ መቃብሩ አፍ ላይ ቆሞ አልቅሷል። ትንሣኤው እንደሚመጣ ጠፍቶት ነው? እምነት ጎድሎት ነው? አንቺ ከሱ በልጠሽ ነው የማታለቅሺው?"

አስቻለች የነጠላዋን ጫፍ መጠቅለል ጀመረች።

"ቀኖና እሰጥሻለሁ" አሉ። "ስግደት አይደለም። ጾምም አልጨምርብሽም። የጋሹን ጋቢ አውጥተሽ ዘርጊና አልቅሺለት።"

"አሁን? ከዚህ ሁሉ ዘመን በኋላ? አባ፣ ሰው ይስቅብኛል!"

"እኔ አልስቅም።"

"ስግደት ያድርጉልኝ፤ የፈለጉትን ያህል እሰግዳለሁ። ጉልበቴ ደህና ነው።"

"ጉልበትሽን ማን ጠየቀሽ? በዐቢይ ጾም እንደ ጌሾ ዋጋ አትከራከሪኝ" ብለው በቅሎዋን ሊያሥሩ ተነሡ።

አስቻለች ቤቷ ሄዳ ሣጥኑን ከጆንያው ሥር ጎትታ ከፈተችው። ጋቢውን አየችው። ዘጋችው። ሌላ ቀንም ከፈተችው፤ ዘጋችው። ሁዳዴ እንዲሁ አለቀ። ደላላው ደግሞ በየሳምንቱ ለየትምወርቅ ይደውላል። ልጅቱ ትንሽ ሻንጣዋን አውጥታ አልጋዋ እግር ሥር አኖረችው።

የስቅለት ዕለት ማለዳ አስቻለች እንደገና ሣጥኑ ፊት ቆመች። ለልቅሶ ለማውጣት እጇ እንቢ አለ። ስለዚህ ራሷን ሸወደች። "የቤተክርስቲያኑ ቅጥር ድንጋይ ነው፤ ለስግደት አነጥፈዋለሁ" አለችና ጋቢውን በብብቷ ይዛ ወጣች። የትምወርቅ ከኋላዋ ተከተለቻት፤ ቤተክርስቲያን መሄድ እንኳ እንቢ አላለችም፤ ብቻ ዝም ብላ ነው።

የማርያም ቅጥር ነጭ በነጭ ሆኗል። ሰው ይወድቃል፣ ይነሣል፤ ኪርያላይሶን ይላል። አስቻለች ከጥዱ ሥር ቦታ ያዘችና ጋቢውን ዘረጋችው።

"ይሄ የማነው?" አለች የትምወርቅ።

ከሁዳዴ መግቢያ ወዲህ እናቷን ነገር ስትጠይቅ ይህ የመጀመሪያዋ ነበር።

"የአባትሽ።"

ልጅቱ ጋቢውን አየች፤ እናቷንም አየች። ከዚያ በወዲያኛው ጫፍ ቆመች።

መስገድ ጀመሩ። አስቻለች ግንባሯን በጣለች ቁጥር አፍንጫዋ ጋቢው ውስጥ ይገባል። የጋሹን ጠረን ፈለገች። አጣችው። ጋቢው ጌሾ ጌሾ ነው የሚሸተው። በዚህ ሁሉ ዘመን ጆንያ ሥር ከርሞ፣ የሱ የነበረው ጠረን ወጥቶ የሷ ሸቀጥ ገብቶበታል። እሷ ናት የደበቀችው። እሷ ናት ያስወጣችው። ቀና ብላ ስታየው ደግሞ ነጩ ጋቢ በቁመቱ ተዘርግቷል፤ በዚህ ጫፍ እሷ፣ በዚያ ጫፍ ልጇ። ያ በመርዶው ቀን አሻፈረኝ ያለችው፣ ደጅ ሊዘረጋ የነበረው፣ እነሆ ተዘርግቷል።

ደግማ ሰገደች፤ መነሣት ግን አቃታት።

መጀመሪያ የወጣው ድምፅ የሷ መሆኑን ራሷም አላወቀችም።

"ጋሹዬ!"

የስቅለት ቀን ሁሉም ያለቅሳልና ማንም ዞር አላለም። ከዚያ ግን ግጥም የማይሆንላት አስቻለች፣ ማን እንደሰጣት እንጃ፣ አወረደችው፦

ጋሹ የቤቴ ጋሻ ሄደህ ሳትመለስ፣
ልብስህን ሸሽጌ ኖርኩኝ ሳላለቅስ።

"ለምን ወሰድክብኝ?" አለች ከዚያ። ይህን ለጋሹ አልነበረም ያለችው። ፊቷ ወደ ቤተ መቅደሱ ነበር። "ለምን? ተቀይሜሃለሁ እኮ! ተቀይሜህ ነው የኖርኩት!"

ሐረግ ከጎን ሆና ስትሰግድ ነበርና ሮጣ መጣች። "ኧረ አስቻለች! ምነው አንቺ! ቻይው እንጂ፣ አንቺ እኮ..."

"እትዬ ሐረግ፣ ይተዋት!" አለች የትምወርቅ። በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሐል ጮሃ ነው ያለችው። "ታልቅስ! ይተዋት ታልቅስ!"

ሐረግ እጇን ሰበሰበች። ከዚያ እሷም ጋቢው አጠገብ ቁጭ አለችና ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ፣ በመርዶው ቀን አፏ ላይ የቀረውን ልቅሶ ለቀቀችው። ሌሎች ሴቶችም መጡ። ጋሹ በስንት ዘመኑ፣ በጌታ ስቅለት ቀን፣ ተለቀሰለት። የትምወርቅ ከጫፉ ወደ እናቷ መጣች፤ ተንበርክካ ጭንቅላቷን እናቷ ጀርባ ላይ ጣለች። ጀርባዋ ሲርገፈገፍ የማንኛቸው ልቅሶ እንደሆነ መለየት አይቻልም ነበር።

ወደ ማምሻው ምእመናን ጥፋታቸውን ለመናዘዝ ተሰለፉ። ካህናቱ ወይራ ይዘው ጀርባ እየጠበጠቡ የስግደት ቀኖና ይሰጣሉ። አስቻለች ፊቷ አብጦ፣ ዓይኗ ጠፍቶ መምሬ አባተ ፊት ጎንበስ አለች።

"ምን አጠፋሽ?"

"ተመስገን እያልኩ ዋሸሁ፣ አባ።"

መምሬ ወይራውን ቀስ አድርገው ጀርባዋ ላይ አሳረፉት።

"ስንት ልስገድ?"

"ቀኖናሽን ፈጽመሻል። እንኳን አንቺ ጥዱም ሰምቷል" አሉ። ከዚያ ጎንበስ ብለው "አንድ ነገር ይቀርሻል። ልጅሽ ስታወራ አፍሽን ዝጊ" አሏት።

ቀላል ይመስላል። ለአስቻለች ግን ከስግደት ሁሉ የከበደው ይህ ነበር።

በማግስቱ ቀዳም ስዑር ነው። ካህናት ቄጤማ አድለው ሄዱ፤ እናትና ልጅ ቄጤማውን ግንባራቸው ላይ አሥረው ጌሾ ለመልቀም ተቀመጡ። ጥቂት ቅጠል እንደለቀሙ የትምወርቅ መናገር ጀመረች። ሰው ጠይቋት አይደለም። ደላላው አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ ማተቧን እንዴት እንደበጠሰው ነገረቻት። የተበጠሰውን ክር አንሥታ ጸጉሯ ሥር እንደጎነጎነችው፤ እመቤቲቱ ጸጉሯን ስትቆርጠው አብሮ እንደሄደ። በር እንደሚቆለፍባት። ራሕማ ሲሏት ዘግይታ አቤት ያለች ቀን ካውያው እንደመጣ።

አስቻለች ምላሷ ጫፍ ላይ "ቻ..." የሚለው መጣ። በድንጋጤ ከሰፌዱ ላይ አንድ የጌሾ ቅጠል አንሥታ አፏ ውስጥ ከተተችና ነከሰችው። ምሬቱ ጆሮዋ ድረስ ተሰማት። የትምወርቅ ተናገረች፤ አስቻለች አኘከች። "ያልፋል" ልትላት ስትል ሌላ ቅጠል። "ተመስገን" ልትል ስትል ሌላ። እንባዋ ይወርዳል፤ አላበሰችውም።

የትምወርቅ በመሐል ቆም አለች። "እማ፣ ምንድነው የምታኝኪው?"

አስቻለች አፏ በአረንጓዴ ተሞልቶ መናገር አቃታት። ምላሷን አውጥታ አሳየቻት።

ልጅቱ ሳቀች። መናኸሪያ ከወረደች ጀምሮ ማንም ሳቋን አልሰማም ነበር። የአባቷ ሳቅ ነው፤ ከሆዷ የሚወጣ። ስትስቅ አለቀሰች፤ ስታለቅስ ቀጠለች፤ ተነፈሰች፤ እንደገና ተናገረች። ጌሾው ሳይለቀም ቀኑ መሸ።

ሌሊቱን ሁለቱም ለትንሣኤ ቅዳሴ ቆሙ። ሲነጋ አስቻለች አዲስ ጥቁር ክር ገምዳ የልጇ አንገት ላይ ማተብ አሠረች። የትምወርቅም ወጣ ብላ ስልኳን አነሣች፤ ለደላላው ያለችው አጭር ነበር፤ "አልመጣም። ስሜም ራሕማ አይደለም" ብላ ዘጋችው። ሻንጣውን ባዶ አድርጋ ጌሾ ሞላችበት፤ እስከ ዛሬ ገበያ የምትወጣው በሱ ነው።

ረፋዱ ላይ ፈርሂያ በአጥሩ ላይ ብቅ አለች። "እንኳን አደረሳችሁ! ማሻ አላህ፣ ፊታችሁ በራ!" ብላ ልትቀጥል ስትል ልጇ አምልጣ ወደ መንገድ ስትሮጥ አየችና ዞራ ጮኸች። "ራሕማ! ነይ እዚህ!" ወዲያው ደነገጠችና አፏን ያዘች።

የትምወርቅ ትከሻዋ ሰብሰብ አለ። የጋሹ ጋቢ ላይ ተቀምጣ ነበር፤ እናቷ አጥባ ፀሐይ ላይ ባሰጣችው። ግን አልተነሣችም።

አስቻለች ከውስጥ ወጣች። ልትናገር የፈለገችው ብዙ ነበር። የተናገረችው አንድ ነገር ነው።

"የትምወርቅ!"

ልጅቱ ዞረች።

"አቤት እማ!"

አስቻለች ደጇ ላይ ቆማ፣ በግንባሯ የትናንቱ ቄጤማ እንደታሠረ፣ "ተመስገን" አለች። ይህኛው ከልቧ ነበር።